ጥራት፣ አካባቢና ደህንነትን በአንድ ሥርዓት ማስኬድ፦ ደረጃ በደረጃ

«ሦስቱንም አዋህደናል፤ ኦዲተሩ ግን አልተዋሃደም አለን።» እዚህ ጎንደር ካሉ የፋብሪካ ልጆች ቶሎ ቶሎ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ፋይሉን አሳዩኝ እላለሁ። ሳየው የዓለም አቀፎቹ ደረጃዎች፣ የአይኤስኦ 9001 (ጥራት)፣ የ14001 (አካባቢ) እና የ45001 (የሥራ ደህንነት) ማኑዋሎች አንድ ላይ ተጠርዘዋል። ሽፋኑ ላይ «የተቀናጀ» የሚል ቃል ተጨምሯል። በቃ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።

እኔም በዚሁ ተምታትቼ ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት በአንድ የምግብ ዘይት ፋብሪካ (ስሙ ይቅር) የጥራት ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። የማጣሪያ ታንከሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሦስት ወረቀት ተለጥፏል። የእኔ ወረቀት «ታንከሩ በየሳምንቱ በሙቅ ኮስቲክ ሶዳ ይታጠብ» ይላል። የአካባቢ ባለሙያዋ ወረቀት «ኮስቲክ ያለበት ውሃ ወደ ቦይ አይለቀቅ» ይላል። ሦስተኛው ስለ ጓንት፣ ስለ መነጽርና ስለ ቦት ጫማ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ታንከሩ ታጠበ። ውሃው በቀጥታ ቦይ ገባ፣ ያጠበው ልጅም ክንዱ ተቃጠለ። ሰኞ ጠዋት የፈረቃውን ኃላፊ፣ ጋሼ የምንላቸውን ሰውዬ፣ ምን ተፈጠረ ብዬ ጠየቅኳቸው። «የኔ ልጅ፣ ሦስት ወረቀት ለጥፋችሁ የቱን ላንብብ? ለዓይኔ የቀረበውን አነበብኩ» አሉኝ።

የቀረበው የእኔ ነበር።

ሠራተኛው የሚሠራው አንድ ሥራ ነው። ስለዚህ የሚደርሰውም አንድ ወረቀት መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚያ መድረሻ መንገድ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚከተሉት እጃችሁ ላይ ሳይኖሩ አትጀምሩ፦

- የሦስቱም ደረጃዎች የቅርብ እትም። ከኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ግዙ። ከጓደኛ የተገኘ ፎቶ ኮፒ አይሆንም። እስካሁን የድሮውን የደህንነት ደረጃ ኦህሳስ 18001ን የሚጠቅስ ፋይል ያጋጥመኛል፤ እሱ እኮ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 45001 ተተክቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ሦስቱም ላይ ስለ አየር ንብረት ለውጥ አጭር ማሻሻያ ተጨምሯል። አንቀጽ 4.1 (የድርጅቱ ዙሪያ ሁኔታ) እና 4.2 (ባለድርሻ አካላት) ውስጥ ነው ያለው፤ ብዙ ሰው አላየውም።
- የሀገር ውስጥ ሕጎች። ቢያንስ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 እና አሁን የሚሠራበት የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ (የድሮው 513/1999 በ2017 በወጣ አዲስ አዋጅ ተተክቷል)።
- በዋና ሥራ አስኪያጁ የተፈረመ ደብዳቤ። ማን እንደሚያስተባብር፣ ምን የማዘዝ ሥልጣን እንዳለው በስም ይጻፍ።
- በጀት። የበጀት ዓመታችሁ ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ ጥያቄውን ሚያዝያ ላይ አቅርቡ። ነሐሴ ላይ «ጋዝ መለኪያ ይገዛ» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ይታወቃል።

ስለ ጊዜው እውነቱን ልንገራችሁ። መቶ ሰው አካባቢ ላለው ድርጅት ከስምንት ወር በታች አልመክርም። አማካሪ መጥቶ «በሦስት ወር እጨርሳለሁ» ካላችሁ የሚጨርሰው ወረቀቱን ነው።

ደረጃ 1፦ ወሰኑን ቁረጡ

ሥርዓቱ የትኛውን ግቢ፣ የትኛውን ምርት፣ የትኛውን ሰው እንደሚሸፍን በአንድ ገጽ ጻፉ።

ብዙዎች እዚህ ይወድቃሉ። ለጥራት ሲጻፍ የቆየው ወሰን «ዘይት ማምረትና መሸጥ» ይላል። እሱን እንዳለ ለሦስቱም ይገለብጡታል። አካባቢና ደህንነት ግን ከግቢው በር ጀምሮ ያለውን ሁሉ ይፈልጋሉ። ጄኔሬተሩን፣ የናፍጣ በርሜሉን፣ ካፌውን፣ የፋጉሎ ክምሩን፣ የጥበቃ ቤቱን።

ደግሞ ጫኝና አውራጆች አሉ። «እነሱ የማኅበር ናቸው፣ የእኛ ሠራተኛ አይደሉም» የሚለውን ሰበብ ስንቴ እንደሰማሁት! ግቢያችሁ ውስጥ፣ በእናንተ ቁጥጥር ሥር ኩንታል የሚሸከም ሰው በ45001 ዓይን የእናንተ ኃላፊነት ነው። ጆንያ ከላይ ቢወርድበት ማኅበሩ ጋ አትጠቁሙም። አስገቧቸው።

የግቢያችሁ ውሃ የት እንደሚሄድ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ። የከተማችን ቀሃም አንገረብም መጨረሻቸው መገጭ ነው፤ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። ይሄን አንቀጽ 4.1 ላይ ስትጽፉት ጌጥ አይደለም። የታችኛው ገበሬ በአንቀጽ 4.2 ከባለድርሻ አካላት አንዱ ነው ማለት ነው። የውሃ ፈረቃና የመብራት መቆራረጥም እዚሁ ይግቡ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የእጥበት ሰዓታችሁ ሌሊት ላይ ከወደቀ የደህንነት ጉዳይም ሆነ ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ የጋራውን ከግል ለዩ

የሦስቱም ደረጃዎች አጥንት አንድ ነው። ከአንቀጽ 4 እስከ 10 ያሉት ዋና ርዕሶች ይመሳሰላሉ። ስለዚህ እነዚህን አንድ ጊዜ ብቻ ሥሯቸው፦ የሰነድ ቁጥጥር (7.5)፣ ብቃትና ሥልጠና (7.2)፣ የውስጥ ኦዲት (9.2)፣ የማኔጅመንት ግምገማ (9.3)፣ የእርምት እርምጃ (10.2)።

በ14001 እና በ45001 ብቻ ያሉ አሉ። የሕግ ግዴታዎች (6.1.3)፣ የድንገተኛ አደጋ ዝግጁነት (8.2)፣ ሕጉን ስለማክበራችሁ የሚደረግ ግምገማ (9.1.2)።

የቀሩት የየራሳቸው ናቸው። ጉድለት ያለበትን ምርት መያዝ የጥራት ነው። ሠራተኛን ማማከርና ማሳተፍ (5.4) የደህንነት ነው። እነዚህን በግድ አታዋህዱ። ሁሉም ነገር መዋሃድ የለበትም።

ተጠንቀቁ፦ ቁጥር ያታልላል። 8.2 በሦስቱም አለ። በ14001 እና በ45001 ስለ ድንገተኛ አደጋ ሲያወራ በ9001 ግን ስለ ደንበኛ ፍላጎት ነው የሚያወራው። 6.1.2ም እንደዚሁ ነው። ቁጥር ከቁጥር እያዛመዳችሁ ሠንጠረዥ ከሠራችሁ ድፍርስርስ ያለ ነገር ይወጣል። ጽሑፉን አንብቡ።

ደረጃ 3፦ ከሥራው ጋር አብራችሁ ተጓዙ

አሁን ቢሮውን ዝጉትና ውጡ። ከመኪና ማራገፊያው ጀምራችሁ ዘይቱ ታሽጎ እስከሚወጣበት ድረስ ተከተሉ። ሦስቱም ባለሙያዎች አንድ ላይ ይሂዱ። ለየብቻ የሄዳችሁ ቀን ሥራው ዋጋ የለውም።

እያንዳንዱ የሥራ ቦታ ላይ ቁሙና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦

1. እዚህ ምን ቢበላሽ ምርቱ ይበላሻል?
2. ከዚህ ምን ይወጣል፣ ምን ይፈስሳል፣ ምን ይባክናል?
3. እዚህ ሰው በምን ሊጎዳ ይችላል?

መልሱን የምትጠይቁት ሥራውን ከሚሠራው ሰው ነው። አለቃው አጠገብ ከቆመ አይነግራችሁም። የቡና ሰዓት ጠብቁ። አንድ ቀን የጆንያ ክምር ሥር ቡና እየጠጣን ያገኘሁትን መረጃ ያህል በሁለት ወር ስብሰባ አላገኘሁም። ማታ ማታ አምፖሉ ስለማይበራ በስልክ መብራት እየሠሩ ነበር፤ የትኛውም ፋይል ላይ የለም።

የዚህ ደረጃ ውጤት ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ገጽ ነው። ያንን የታንከር እጥበት እንደገና ስንጽፈው እንዲህ ሆነ፦

*መጀመሪያ* የማከማቻ ጉድጓዱ ባዶ መሆኑን እይ። ሙሉ ከሆነ እጥበት የለም። *ቀጥሎ* የቦዩን ቫልቭ ዝጋና ቁልፉን ለፈረቃ ኃላፊው ስጥ። ጓንት፣ የፊት መሸፈኛ፣ ቦት ጫማና የፕላስቲክ ሽርጥ አድርግ። ኮስቲኩን ወደ ውሃው ጨምር፤ *ውሃ ኮስቲክ ላይ አታፍስስ፣ ይፈናጠራል*። እጠብ። ውሃውን ወደ ጉድጓዱ ልቀቅ። ሁለት ጊዜ በንጹህ ውሃ አለቅልቅና በፒኤች ወረቀት ለካ። ወረቀቱ ኮስቲክ መቅረቱን ካሳየ እንደገና አለቅልቅ። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ተስተካክሎና ተለክቶ የተፈቀደው ገደብ ውስጥ ካልገባ አይለቀቅም።

የማለቅለቁ ፈተና የጥራት ነው። ቫልቩና ጉድጓዱ የአካባቢ ነው። ሽርጡና ቅደም ተከተሉ የደህንነት ነው። ሠራተኛው ግን ይሄ የእነ እገሌ፣ ያ የእነ እገሊት ነው ብሎ አያስብም። ከላይ ወደ ታች ያነብባል፣ ይሠራል።

ሳይሆን ሲቀር፦ ሦስቱ ባለሙያዎች አንድ መስመር ላይ ካልተስማሙ (መከሰቱ አይቀርም) በድምፅ ብልጫ አትወስኑ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ሰው፣ ከዚያ ሕግ፣ ከዚያ ምርት። ምርቱ ቆሞ ይጠብቅ።

ደረጃ 4፦ የስጋት መዝገቡ

ብዙ ድርጅት ሦስቱንም ስጋት በአንድ ሠንጠረዥ ያስገባና «ዕድል ሲባዛ ጉዳት» ብሎ ነጥብ ይሰጣል። አንድ መዝገብ መሆኑ ጥሩ ነው። አንድ ሚዛን መሆኑ ግን አደገኛ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የተጣመመ ክዳን በየሳምንቱ ያጋጥማል፤ ዕድሉ 5፣ ጉዳቱ 3፣ ነጥቡ 15። ታንከር ውስጥ ገብቶ መታፈን በአሥር ዓመት አንዴ ነው፤ ዕድሉ 1፣ ጉዳቱ 5፣ ነጥቡ 5። ሠንጠረዡ ክዳኑን ከሰውየው ያስበልጣል። ይህን ቀልድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፊርማና ማኅተም ነበረው።

ስለዚህ፦

1. መዝገቡ አንድ ይሁን፤ ለጥራት፣ ለአካባቢና ለደህንነት የየራሳቸው የጉዳት መግለጫ ይኑራቸው።
2. ሰው ሊገድል ወይም አካለ ጎደሎ ሊያደርግ የሚችል ነገር ነጥብ አይሰላለትም። በቀጥታ ቀይ ነው።
3. የሕግ ግዴታን የሚጥስ ነገርም እንዲሁ ቀይ ነው።
4. እያንዳንዱ ቀይ የአንድ ሰው ስምና ቀን ይኑረው። «ሁሉም ክፍሎች» የሚባል ተጠያቂ የለም።

መፍትሔ ስትመርጡ ከጓንት አትጀምሩ። ቅደም ተከተሉ 45001 ላይ 8.1.2 ውስጥ አለ፦ አደጋውን ማስወገድ፣ አደጋው በቀለለ ነገር መተካት፣ በመሣሪያ መከለል፣ በአሠራርና በሥልጠና መቆጣጠር፣ በመጨረሻ የመከላከያ ትጥቅ። እኛ ጋ ግን ሁሌ ከመጨረሻው ነው የሚጀመረው፤ ጓንት ርካሽ ነዋ።

ታንከር ውስጥ መግባት ካለ ይሄን ሳትጨርሱ ወደ ደረጃ 5 አትለፉ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ።

- ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ማንም አይገባ። ፈቃዱ ለአንድ ፈረቃ ብቻ ያገለግላል።
- የማደባለቂያው ኤሌክትሪክ ተቋርጦ በቁልፍ ይቆለፍ። ቁልፉን የሚይዘው የሚገባው ሰው ራሱ ነው።
- አየሩ በመሣሪያ ይለካ፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ መግባት የለም። ክብሪት ጭሮ ማየት መለኪያ አይደለም። እንዲያውም አንዱ የሞት መንገድ ነው።
- ደጅ የሚቆም ሰው ይኑር። ሌላ ሥራ አይሰጠው። ሻይ ለማምጣት እንኳ አይሂድ።
- ውስጥ ያለው ሰው ከወደቀ *ደጅ ያለው ተከትሎ አይግባ*። በገመድ ይጎትት፣ ሰው ይጥራ። እንዲህ ዓይነት አደጋ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሟች ሊያድን የገባው ነው። ወንድሙ ወድቆ እያየ መቆም ለእኛ ሰው ከባድ ነው፤ ለዚህ ነው አስቀድሞ በልምምድ መነገር ያለበት።

ጋዝ መለኪያ ከሌላችሁ መፍትሔው «እስኪገዛ በጥንቃቄ» አይደለም። እስኪገዛ ማንም አይግባ፤ ከውጭ በረጅም ቱቦ እጠቡ።

ደረጃ 5፦ ሰነዱን ቀንሱ

አሁን ነው ወደ ቢሮ የምትመለሱት። ያሉትን ቅጾች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አንድ ዓይነት መረጃ የሚጠይቁትን አጋጥሙ። አንድ ድርጅት ውስጥ አራት የጉድለት ማሳወቂያ ቅጽ አግኝቻለሁ። የጥራት፣ የአካባቢ፣ የአደጋ፣ እና ማንም የማያውቀው አንድ አሮጌ።

አንድ ቅጽ አድርጉት። ላይኛው ክፍል የጋራ ነው፦ ምን ሆነ፣ የት፣ መቼ፣ ወዲያው ምን ተደረገ፣ ምክንያቱ ምንድን ነው። ታች ላይ ሦስት ሳጥን ይኑር፤ የሚመለከተው ይሞላ። አደጋ ከሆነ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ለሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ተነግሯል?» አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 የሥራ አደጋን መመዝገብና ማሳወቅን ግዴታ ያደርጋል። የውስጥ ቅጹን ሞልቶ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

ማኑዋል? ሦስቱም ደረጃዎች ማኑዋል ጻፉ አይሉም። ካማራችሁ አሥር ገጽ ይበቃል።

ሳይሆን ሲቀር፦ አዲሱ ቅጽ ወጥቶ ሰው አሮጌውን መጠቀሙን ከቀጠለ፣ ማስታወቂያ አትለጥፉ። አሮጌውን ከየመሳቢያው ለቅማችሁ አውጡት። እኔ ሳልለቅም ቀርቼ ከዓመት በኋላ የማሸጊያ ክፍል መሳቢያ ውስጥ አንድ ደስታ ወረቀት ሙሉ አግኝቻለሁ።

ደረጃ 6፦ ሰውን አስገቡ

ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ በስላይድ ከሆነ እንቅልፍ ነው። ያችን አንድ ገጽ ይዛችሁ ሥራው ቦታ ሂዱ፣ ሠራተኛው እየሠራ ያሳያችሁ። ከወረቀቱ የተለየ ነገር ካደረገ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ግማሽ ያህል ጊዜ የሚሳሳተው ወረቀቱ ነው። የካይዘን (ሥራን ትንሽ በትንሽ የማሻሻል) ቡድን ካላችሁ አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ፤ በዚያው ሰሌዳ ላይ የደህንነትና የአካባቢ ዓምድ ጨምሩ።

ለጥቂት ሳይደርስ የቀረ አደጋን ሪፖርት ያደረገ ሰው ደመወዙ ተቆርጦ ያውቃል? አንድ ጊዜ እንኳ ከሆነ ማንም ምንም አይነግራችሁም። እንደዚህ ባለ ቦታ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወጥቶ «ከእንግዲህ አይቆረጥም» ብሎ በሠራተኛው ፊት መናገር አለበት። ከዚያም የመጀመሪያዎቹን ሪፖርቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ፍቱ። አምፖል ከሆነ አምፖሉን ቀይሩ።

ደረጃ 7፦ የውስጥ ኦዲት

ሦስቱን ደረጃዎች በአንድ ዙር ኦዲት አድርጉ፤ በአንቀጽ ሳይሆን በሥራ ሂደት። «ዛሬ ማራገፊያ፣ ነገ ማጣሪያ» በሉ። ማንም የራሱን ሥራ ኦዲት አያድርግ። የጥራቱ ሰው የደህንነት ክፍሉን፣ የደህንነቱ የጥራቱን ይይ። ኦዲተር ስታሠለጥኑ ሦስቱንም የሚያውቅ አንድ ጎበዝ አትፈልጉ፤ አይገኝም። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ላኩ። ሌሊት ፈረቃውንም ጎብኙ። የእኛ ቃጠሎ የቅዳሜ ማታ ነበር።

ኦዲቱ ምንም ጉድለት አላገኘም ከተባለ ኦዲቱ ራሱ ጉድለት ነው። ድገሙት።

ደረጃ 8፦ ግምገማና ሰርተፊኬት

የማኔጅመንት ግምገማው አንድ ስብሰባ ነው፤ ሦስት ቃለ ጉባኤ አታዘጋጁ። ሥራ አስኪያጁ ተወካይ ልኮ ከቀረ ሌላ ቀን ቅጠሩ። የተወሰነው ነገር ብር ይጠይቃል፤ ተወካይ ብር አይፈቅድም።

ወደ ሰርተፊኬት ሰጪው ከመሄዳችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ የውስጥ ኦዲትና አንድ ግምገማ ተጠናቆ መዝገቡ ይኑራችሁ። የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅትን ወይም ሌላ ተቋም ስትጠይቁ ለሦስቱም ደረጃዎች አክሪዲቴሽን (ሰርተፊኬት ለመስጠት የብቃት እውቅና) እንዳለው በጽሑፍ ይንገራችሁ። «የተቀናጀ ኦዲት» ብላችሁ አመልክቱ፤ ሦስት ጊዜ ከመመላለስ የኦዲት ቀኑም ወጪውም ይቀንሳል። የሚመጣው በሁለት ዙር ነው፦ መጀመሪያ ዝግጁነት ያያል፣ ቀጥሎ ሥራውን። ሰርተፊኬቱ ለሦስት ዓመት ነው፣ በየዓመቱ ክትትል አለው።

ከባድ ጉድለት ካገኙባችሁ አትከራከሩ፣ አትደንግጡም። ቀነ ገደቡን ጠይቁ፣ ምክንያቱን በዚያው አንድ ቅጽ ሥሩ፣ ማስረጃውን በፎቶ ላኩ።

ቀን ስትቆርጡ ደግሞ ከጥር 9 እስከ 13 ያለውን ዝለሉ። ጥምቀት ላይ ጎንደር ውስጥ ለኦዲተር አልጋ አታገኙም፣ ሠራተኛውም ከታቦቱ ጋር ነው።